የአንድ ሰዓት ሦስት ገጾች

አቶ በቃሉ ይመር በሥራ ጠረጴዛቸው ሥር በግራ ጎናቸው እንደተጋደሙ ተገኙ። መነጽራቸው ከፊታቸው አልወለቀም። ከጭንቅላታቸው በስተኋላ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ፣ የብረት ልባስ ያለው ከባድ ትራንስፎርመር ወድቋል፤ አንደኛው ማዕዘኑ ላይ ደምና ጥቂት ሽበት ተጣብቆበታል። ዕለቱ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ከሃያ አምስት ነበር።

ኢንስፔክተር ኢቲዳል ኸሊፋ በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን ስታይ ቆየች። አባቷ ሆሞሻ ላይ ጨርቅ ይነግድ ነበር። አንዱን ጨርቅ በር ላይ፣ ጓዳ ውስጥና ፀሐይ ላይ እያየች ልዩነቱን ስትናገር ያደገች ልጅ ናት፤ ለማየት አትቸኩልም።

«ማን ነካው?» አለች።

«ልጃቸው ሔለን ናት። ትከሻቸውን ነቅንቃለች። ሌላ ማንም አልነካም» አለ ሳጅን ጁምዓ። «ገዳዩ ግን ታውቋል፤ መኪና ውስጥ ነው።»

«ታውቋል?»

«ዓብዱልላጢፍ፤ የኩርሙኩ ነጋዴ። ትራንስፎርመሩ የሱ ነው። ጠዋት ሰፈሩ እስኪሰማ ተጨቃጭቀዋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከተቀመጠበት ተነስቶ ወጥቶ እንደነበር ራሱ አምኗል።»

«ስለዚህ ያዝከው።»

«ስለዚህም፣ ለራሱም ብዬ። አጥሩ ጋ ይመልከቱ እስቲ።»

አጥሩ ጋ አርባ ያህል ሰው ቆሟል። አብዛኛው በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ከወሎ የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። ማንም አይጮህም፤ እሷን ያሳሰባትም ይኸው ዝምታ ነበር። ክልሉ ባለፉት ዓመታት ያየውን የወገን ግጭት ሁሉም ያስታውሳል፤ ማንም ግን ከፍ አድርጎ አያወራውም። ከሰዎቹ መሀል አንድ ድምፅ «እሷም እኮ ከነሱው ወገን ናት» ሲል ሰማች። ወደዚያ አልዞረችም።

«ሰኞ ጠዋት ፍርድ ቤት ይቀርባል» አለች ለጁምዓ ዝቅ ባለ ድምፅ። «እሱ ገዳይ ከሆነ ይፈረድበት። ካልሆነ ግን እስከ ሰኞ ማወቅ አለብን። ከዚያ በኋላ እውነቱን ብናውቅ እንኳ የሚሰማን አናገኝም።»

ጠረጴዛው ላይ ሽቦ፣ መበየጃና የተፈታ የቴፕ ማጫወቻ ተበትኗል። ከዚያ መሀል በመዳፍ ልክ የተቆረጠ ወረቀት አየች። በእርሳስ ሁለት ቁጥሮች፣ አንዱ ከአንዱ ሥር ተጽፈውበታል፦ 9፡20፣ 9፡34። ሌላ ምንም የለበትም። እርሳሱ ወለሉ ላይ ወድቋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እኔም የስልክ ቁጥር መስሎኝ ነበር» አለ ጁምዓ። «በጣም አጠረብኝ።»

* * *

ሔለን ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የሒሳብ መምህርት ናት። አላለቀሰችም። ኢቲዳልን ወደ ረጅሙ ክፍል ይዛት ገባች። ክፍሉ በወፍራም መጋረጃ ለሦስት ተከፍሏል። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የድሮ ሆዳም ቴሌቪዥን፣ አንድ የድሮ የቤት ኮምፒውተር፣ የቴፕ ማጫወቻ፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ የግድግዳ ሰዓትና ወፍራም ደብተር አለ።

«እዚህ ምን ትሠራላችሁ?»

«እናወዳድራለን» አለች ሔለን። «አባዬ ዕድሜውን ሙሉ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ጡረታ ሲወጣ እነዚህን ሰበሰበ። የመጀመሪያው ስፔክትረም ነው፤ ባምባሲ አንድ መጋዘን ውስጥ አገኘው። መሀለኛው ኮሞዶር ፓዌ ከነበሩ የውጭ መሐንዲሶች ጓዝ የተረፈ ነው። የመጨረሻው ሳኽር ነው፤ ፊደሉ ዐረብኛ ነው፤ ዓብዱልላጢፍ ከሱዳን ያመጣው።»

«ሦስቱ ምናቸው ነው የሚወዳደረው?»

«ጨዋታቸው። ድሮ አንድ ጨዋታ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር ለየብቻ ነበር የሚሠራው። ስሙ አንድ፣ መልኩ ግን ልዩ ልዩ። ለምሳሌ አሁን የያዝነው አንድ ሰው ጀልባ እየቀዘፈ በሮች የሚያልፍበት ነው፤ እኛ ‹ቀዛፊው› እንለዋለን። በእኔ ስፔክትረም ላይ ጀልባው ዛፍ አጠገብ ሲደርስ የዛፉን ቀለም ይወስዳል፤ ሰውዬው አረንጓዴ ይሆናል። ኮሞዶሩ ላይ ወንዙ እንደ ውሃ ይፈስሳል፤ ሙዚቃም አለው። ሳኽሩ ላይ ቀለሙ ደማቅ ነው፤ ወንዙ ግን እየዘለለ ነው የሚሄደው።»

«የቱ ይበልጣል?»

ሔለን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ልትል ምንም አልቀራትም። «እንደሱ ሲጠየቅ አባዬ ይቆጣ ነበር። ‹የሚበልጠውን ሳይሆን ያየኸውን ጻፍ› ነበር የሚለው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት እኔ በስፔክትረሙ፣ ነብዩ በኮሞዶሩ፣ ዓብዱልላጢፍ በሳኽሩ፣ ሦስታችን በየመጋረጃችን እንገባለን። አንዱ የሌላውን አያይም፣ አይሰማም። በደቂቃ በደቂቃ ያየነውን እንጽፋለን። በእስክሪብቶ ነው፤ ስርዝ ድልዝ የለም፤ ገጹ ቁጥር ስላለው አይቀደድም። አሥር ሰዓት ላይ እሱ ደወል ይደውልና እየተነበበ ይነጻጸራል።» ወደ ግድግዳው ሰዓት አየች። «ትናንትና ማታ የሦስታችንንና የሥራ ክፍሉን ሰዓቶች፣ አራቱንም አስተካከላቸው። ዛሬ አሥር ሰዓት ሆነ፤ ደወሉ ግን አልተደወለም።»

«ጠዋት ከዓብዱልላጢፍ ጋር በምን ተጣሉ?»

«አባዬ ሳኽሩን ከፍቼ ላጽዳው አለ። ዓብዱልላጢፍ ጮኸበት። ‹የከፈተው ሰው ከእኔ ጋር ጨርሷል› አለ።» የዓብዱልላጢፍን ወንበር ወደ ጠረጴዛው ገፋችው። «ሰባት ወር ሙሉ ቤታችን ምሳ የበላ ሰው ነው። እሱ ከሆነ ንገሩኝ። ካልሆነም ንገሩኝ። ሳላውቅ ማልቀስ አልቻልኩም።»

* * *

ነብዩ ከተማው ውስጥ ያለ አንድ ኮሌጅ መምህር ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመቱ። ሸሚዙ ንጹሕ፣ ንግግሩ ለስላሳ ነው። የላፕቶፕ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በረንዳው ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ እንደ አባቴ ነበሩ» አለ። «ሰውን ያለ ማስረጃ መወንጀል አልፈልግም። ግን ዓብዱልላጢፍ ወጥቷል። ኮቴውን ሰምቻለሁ።»

«የጆሮ ማዳመጫ አድርገህ?»

«አንዱን ጆሮዬን… ገለጥ አድርጌ ነበር።»

«አንተስ ከመጋረጃህ አልወጣህም?»

«ገጼን ይመልከቱት፤ ስድሳውም ደቂቃ እዚያ ላይ አለ። አንድም ክፍተት የለበትም።»

እውነቱን ነበር። ገጹ ጥርት ባለ ጽሕፈት ከላይ እስከ ታች ሞልቷል።

«ይህን ነገር በጣም ታውቀዋለህ ማለት ነው» አለች ኢቲዳል።

ነብዩ ዘና አለ። «የማወዳደሪያ ቪዲዮ እሠራለሁ፤ ብዙ ተመልካች አለኝ። በሚቀጥለው ወር አንድ የውጭ አገር ሙዚየም ሥራ ሊያስጀምረኝ ነው። የመረጡኝ ቪዲዮዎቼ በቀጥታ ከእውነተኛው ማሽን የተቀረጹ ስለሆኑ ነው። ብዙዎቹ እኮ ላፕቶፕ ላይ በሚጫን አስመሳይ ፕሮግራም ያጫውቱና ‹ኮሞዶር ነው› ይላሉ።»

«ልዩነቱ ይታወቃል?»

«ለሚያውቅ ሰው ይታወቃል» አለ ነብዩ።

* * *

ዓብዱልላጢፍ ጣቢያው ውስጥ ጥግ ይዞ ቆሟል፤ ወንበር ሰጥተውት አልተቀመጠም። ኢቲዳልን ሲያይ በበርታ ቋንቋ ጀመረ። እጇን አንስታ አቆመችው።

«በአማርኛ ይሁን። ሳጅኑም ይስማ፣ ጸሐፊውም ይጻፍ። ነገ ‹በቋንቋቸው ተስማሙ› እንዳይሉን።»

ራሱን ነቀነቀና ወንድና ሴት በማይለይ አማርኛው ቀጠለ። «ጥሩ። እኔ በቃሉ አልገደለም። በቃሉ ጓደኛ ነው። ጠዋት ተጣላን፤ አዎ። ጓደኛ አይጣላም?»

«ማሽኑ ለምን አይከፈትም?»

«ማሽን የወንድም ነው፤ የዋሊድ። ዋሊድ በጦርነቱ ኸርጡም ላይ ሞተ። ሬሳ አልመጣም፤ ማሽን ብቻ መጣ። ውስጥ ዋሊድ የበየደው አለ። እጁ ነው እሱ። በቃሉ ሲያጸዳ ዋሊድን ይጠርጋል፣ አልኩ።» ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «በኋላ ታረቅን። በቃሉ ሳቀ። ‹አንተ ግመል› አለኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ይለኛል።»

«ትራንስፎርመሩስ?»

«እኔ አመጣሁ፣ ከኩርሙክ። ስጦታ ነው። ኃይል ሲቀንስ ከፍ ያደርጋል። አንተ ታውቃለህ፣ ጎረቤት ወፍጮ አለ። ወፍጮ ሲነሳ ቴሌቪዥን ይጠባል።»

ኢቲዳል እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንዴት ነው የሚጠበው?»

ሁለት መዳፎቹን አራርቆ ያዘና አቀራረባቸው። «ሥዕሉ እንዲህ ይሆናል። በዙሪያው ጥቁር ይመጣል፤ ይንቀጠቀጣል። እኛ በጣት እንለካለን፤ ጥቁሩ ስንት ጣት ነው ብሎ። ሲጠብ አይተን ጠየቅን፤ በቃሉ አስተማረ። ደብተር ዳር ላይ እንጽፋለን። ግን አሥር ሰዓት ላይ አይነበብም። በቃሉ ‹የቤት ጥፋት ነው፣ የጨዋታ ጥፋት አይደለም› ይላል።»

«ታዲያ ትራንስፎርመሩ ለምን አልተገጠመም?»

«እኔም ጠየቅሁ። ‹ዛሬ አይሆንም፤ ዛሬ ቴሌቪዥኑ እንዳለ ይሁን፤ የሥራ ክፍል አስቀምጥ› አለ። ተሸክሜ አስቀመጥኩ።»

«ከመጋረጃው መቼ ወጣህ?»

«ዘጠኝ ከአርባ፤ ዓስር ሶላት ለመስገድ። ግቢ ውስጥ ሰገድኩ። ዘጠኝ ከሃምሳ ሁለት ተመለስኩ። ጽፌዋለሁ።»

ጽፎት ነበር። ገጹ የተዘበራረቀ ነው፤ አማርኛና ዐረብኛ ተደባልቆበታል፤ መሀሉ ላይ የአሥራ ሁለት ደቂቃ ባዶ ቦታ አለ። ከመጋረጃው ወጥቶ የገደለ ሰው ያንን ባዶ ቦታ እንዲህ አፍጥጦ ይተወዋል? ኢቲዳል ይህን አሰበች፤ ግን አልጻፈችውም፤ ማሰብ ማስረጃ አይሆንም።

* * *

እሑድ ጠዋት ሰፈሩ ቀብር ላይ ሳለ፣ ቀድማ የተመለሰች አንዲት ሴት በወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ ነበር። ወይዘሮ አሰፋሽ የወፍጮው ባለቤት ናት፤ ከአቶ በቃሉ ቤት የሚለያት የቀርከሃ አጥር ብቻ ነው።

«እትዬ አሰፋሽ፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ ፈጭተሽ ነበር?»

«ምነው ባልፈጨሁ ኖሮ! ወፍጮዬ ባይጮህ አንድ ነገር እሰማ ነበር እያልኩ ሌሊቱን ሙሉ ሳልተኛ ነጋ።»

«ቅዳሜ ከሰዓት ሁልጊዜ ትፈጫለሽ?»

«የለም፣ የለም። ከጥር ጀምሮ ነው ወፍጮው የተተከለው፤ የጋሽ በቃሉን ቴሌቪዥኖች ስለሚያጠባቸው ቅዳሜ ከሰዓት አልፈጭም። ገበያ ሲበዛብኝ ብቻ አስፈቅጃቸው እፈጫለሁ። ስምንት ዘጠኝ ጊዜ ቢሆን ነው። የትናንቱ ግን ሌላ ነው። ራሳቸው መጥተው ፍጪ አሉኝ።»

«ራሳቸው?»

«ዓርብ ዕለት። ‹ነገ ዘጠኝ ከሃያ ላይ አስነሺልኝ፤ ለማንም እንዳትነግሪ› አሉኝ። ‹ምነው ጋሽ በቃሉ፣ አርጅተው ተሳሳቱ እንዴ?› ብዬ ሳቅሁባቸው። እሳቸው ግን አልሳቁም። ‹አንድ ሰው አጥፍቶ እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነው፤ እኔ ብሳሳት ደስ ይለኛል› አሉ።»

«ዘጠኝ ከሃያ ላይ አስነሳሽ። ሳታቋርጪ ነው የፈጨሽው?»

«የሞተሩ ቺንጋ ወለቀብኝና አቆምኩት። ስልኬን አይቻለሁ፤ ሰዓት ያዢ ብለውኝ ነበርና። ዘጠኝ ከሠላሳ አራት ላይ ቆመ። ቺንጋውን መልሼ በሦስት ደቂቃ፣ ሠላሳ ሰባት ላይ አስነሳሁት። እህሉ እንደ ተሞላ ስለነበር ሞተሩ በጣም አቃሰተ። ሃምሳ ላይ ጨረስኩ።»

ኢቲዳል ሰዓቶቹን ጻፈችና፣ «እትዬ አሰፋሽ፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወፍጮውን ልታስነሺልኝ ትችያለሽ?» አለቻት።

«በሰንበት?» አሰፋሽ ነጠላዋን አጣፋች። ወደ አጥሩ ማዶ፣ ድንኳኑ ወደ ተተከለበት አየች። «ለእሳቸው ከሆነ አስነሳለሁ።»

* * *

ረጅሙ ክፍል ውስጥ ያሉት መጋረጃዎች ተገልጠው ሦስቱም ጠረጴዛዎች በአንድነት ይታዩ ነበር። ከድንኳኑ አራት የሰፈር ሽማግሌዎች ገብተው ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ኢቲዳል ራሷ ናት የጠራቻቸው። ዓብዱልላጢፍን ጁምዓ ይዞት ሲገባ አንደኛው ሽማግሌ ፊቱን አዞረ።

«ሦስታችሁም በየቦታችሁ ተቀመጡ» አለች ኢቲዳል። «ጨዋታውን ጫኑና ተጫወቱ። ማየት እፈልጋለሁ።»

«አባቴ ዛሬ ነው የተቀበረው» አለች ሔለን።

«አውቃለሁ። ይህን የምጠይቅሽ ለእሱ ስል ነው።»

ሔለን ተቀመጠች። ቴፖቹ እያፏጩ ዞሩ። የሔለንና የዓብዱልላጢፍ ጨዋታ ተጫነ። የነብዩ ግን ሁለት ጊዜ ከመሀል ተቋረጠበት፤ ሦስተኛው ላይ ሔለን ተነስታ የማጫወቻውን ማንበቢያ ጭንቅላት በመፍቻ አስተካከለችለት። «ትንሽ ከዘመመ እንደማይጭን ረሳኸው?» አለችው። ነብዩ ላቡን ጠረገ። ሦስቱ ጀልባዎች በሦስቱ ወንዞች ላይ መቅዘፍ ጀመሩ፤ አንደኛው አረንጓዴ ሰው ይዞ፣ ሁለተኛው በሙዚቃ፣ ሦስተኛው እየዘለለ።

በአጥሩ ማዶ አንድ ሞተር አቃሰተና ተነሳ።

በሦስቱም ቴሌቪዥኖች መስተዋት ላይ ምስሉ ከዳርና ከዳር ተሰበሰበ። ጥቁር ክፈፍ መጣ፤ ወንዞቹ ተንቀጠቀጡ። ሔለን ዓይኗን ከጀልባዋ ሳታነሳ ግራ እጇን ዘርግታ ጥቁሩ ላይ ሁለት ጣቶቿን አስቀመጠች። ዓብዱልላጢፍም፣ በዚያው ቅጽበት፣ እንደዚያው አደረገ።

ነብዩ ከወንበሩ ተፈናጥሮ ተነሳ። የቴሌቪዥኑን ጎን በመዳፉ ደጋግሞ መታው። «ተበላሸ! ቴሌቪዥኑ ተበላሸ፣ ምስሉ እየጠበበ ነው!» አለ።

ሔለን ጣቶቿን መስተዋቱ ላይ እንዳሉ ትታ ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች።

«ነቢ» አለች፤ «ወፍጮው እኮ ነው።»

ነብዩ የእሷን ጣቶች አየ፤ ከዚያ የዓብዱልላጢፍን። እጁን ከቴሌቪዥኑ ላይ አነሳ።

«ተቀመጥ» አለችው ኢቲዳል። ድምፅዋ አልከበደም። «አባቶቼ፣ አሁን የማስረዳውን ደረጃ በደረጃ ተከተሉኝ፤ የተሳሳትኩበት ቦታ ካለ አቁሙኝ።

«አቶ በቃሉ የሞቱበት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰዓቶች ተጽፈው አገኘሁ፤ ዘጠኝ ከሃያና ዘጠኝ ከሠላሳ አራት። ወይዘሮ አሰፋሽ ወፍጮውን ያስነሳችው ዘጠኝ ከሃያ ላይ ነው። የቆመባት ሠላሳ አራት ላይ። አቶ በቃሉ የወፍጮውን ድምፅ እየሰሙ ሰዓቱን ይመዘግቡ ነበር። ወፍጮው ሠላሳ ሰባት ላይ እንደገና ተነስቷል። ያንን ግን አልጻፉትም። ጠንቃቃ ሰው ነበሩ፤ ያልጻፉት ስላልቻሉ ነው። የሞቱት በእነዚህ ሦስት ደቂቃዎች ውስጥ ነው።»

«ዓብዱልላጢፍ ግን ወጥቷል ተብሏል» አለ አንደኛው ሽማግሌ።

«ወጥቷል፤ ዘጠኝ ከአርባ ላይ። አሁን እዚህ ቤት የሚሠራውን ሥራ እንሥራ፤ እናወዳድር። ጨዋታውን ሳይሆን ያንን አንድ ሰዓት።» የመጀመሪያውን ደብተር ገለጠች። «የሔለን ገጽ፣ ዳሩ ላይ፦ ‹9፡20 ሁለት ጣት። 9፡34 ተመለሰ። 9፡37 አራት ጣት፣ ከቅድሙ ባሰ።› የዓብዱልላጢፍ ገጽ፦ ‹9፡20 ሁለት ጣት። 9፡34 ደህና። 9፡37 አራት ጣት፣ በጣም ትንሽ ሆነ።›»

«ከድምፁ ገምቶ ሊጽፍ አይችልም?» አለ ሽማግሌው። ጥያቄው ተንኮል አልነበረበትም።

«ሰዓቱን ሊገምት ይችላል። ሁለተኛው ጊዜ በእጥፍ መጥበቡን ግን ጆሮ አይነግርም። ወፍጮው እህል እንደ ተሞላ ስለተነሳ ነው እንደዚያ የሆነው። ይህን ያየው መስተዋቱ ፊት የነበረ ብቻ ነው። ሔለንና ዓብዱልላጢፍ በመጋረጃ ተለያይተው አንዱን ነገር በአንድ ደቂቃ ጽፈዋል። የመሀሉ ደቂቃዎችም በሁለቱም ገጽ ላይ ተሞልተዋል፤ ሁለቱም እዚያው ነበሩ።»

ሦስተኛውን ደብተር አነሳች። ነብዩ መሬት መሬት ያያል።

«ይሄ ከሦስቱ የሚያምረው ነው። ክፍተት የለበትም። ‹9፡35፤ ሦስተኛው በር። ሙዚቃው ጥርት ያለ። ምስሉ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሞልቶ፣ ሳይነቃነቅ ይታያል። 9፡38፤ እንደዚያው።› ነብዩ፣ ሠላሳ ስምንት ላይ እዚህ ቤት ያለ ቴሌቪዥን ሁሉ አራት ጣት ጠቦ እየተንቀጠቀጠ ነበር።»

«ሳልጽፈው ቀርቼ ነው» አለ ነብዩ በሹክሹክታ።

«ሰባት ወር ሙሉ? ከጥር ወዲህ ወፍጮው በተነሳባቸው ቅዳሜዎች የሔለንና የዓብዱልላጢፍ ገጾች ዳር ላይ የጣት ልኬት አለ። ያንተ ገጽ ላይ አንድም ቀን የለም። አቶ በቃሉም ያዩት ይህንኑ ነው። ማሽኑ ሊሆን የሚገባውን ትጽፍ ነበር፤ ሁለቱ ግን የሆነውን ይጽፉ ነበር። ላፕቶፕህ ላይ ያለው አስመሳይ ፕሮግራም ወፍጮ ቢነሳ አይጠብም። ቤትህ በላፕቶፑ ተጫውተህ የጻፍከውን እዚህ ደብተሩ ላይ እንደምትገለብጥ እገምታለሁ፤ ላፕቶፑ ሲመረመር ይታወቃል። ትራንስፎርመሩም ለአሻራ ተልኳል። የዓብዱልላጢፍ አሻራ ይገኝበታል፤ ተሸክሞት መጥቷልና። ሌላ አሻራስ ይገኝበታል?»

ነብዩ መዳፎቹን ገልብጦ አያቸው። 

«ሐሙስ ጠሩኝ» አለ በመጨረሻ። «‹በአስመሳይ ፕሮግራም መጫወትህን ቅዳሜ ራስህ ለእነሔለን ንገራቸው፤ እኔ ለማንም አልናገርም› አሉኝ። ሙዚየሙስ አልኳቸው። ‹ለእነሱም ንገራቸው› አሉ። ትናንት በመሀል ገብቼ አንድ ወር ብቻ ይታገሱኝ ብዬ ለመንኳቸው። ሰዓታቸውን እያዩ ነበር። ‹እስቲ ዛሬ የጻፍከውን አምጣው፤ ገጽህ ከእኔ ይልቅ ይንገርህ› አሉኝና ጀርባቸውን ሰጥተው መጻፍ ጀመሩ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ወፍጮው… ለእኔ የጎረቤት ጫጫታ ነበር።» ወደ ሔለን ቀና ለማለት ሞከረና አልቻለም። «አንዴ ነው የመታኋቸው።»

«አንዴ» አለች ሔለን። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።

* * *

ጁምዓ ነብዩን ይዞ በጓሮ በር ወጣ። ሽማግሌዎቹ ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። ፊቱን አዙሮ የነበረው ሽማግሌ በሩ ላይ ቆም ብሎ ለዓብዱልላጢፍ አንድ ነገር ሊል አሰበ፤ ከዘራውን አንስቶ ወጣ።

ዓብዱልላጢፍ ሳኽሩን አጠፋና ገመዱን ነቀለ። ሔለን ዓይኗን እየጠረገች አጠገቡ ቆመች።

«ትናንት ለፖሊስ ስነግር ስለ ጠቡ ብቻ ነው የነገርኳቸው» አለች። «መታረቃችሁን ሰምቼ ነበር። አባዬ ‹አንተ ግመል› ሲልህ ሰምቻለሁ። አልተናገርኩም።»

ገመዱን እየጠቀለለ ቆየ። «አንተ አባት ሞተብህ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ገባኝ።»

«ማሽኑን ትወስደዋለህ?»

ዓብዱልላጢፍ የጠቀለለውን ገመድ ማሽኑ አጠገብ አስቀመጠው። «ማሽን ምንም አላደረገም። ዋሊድ እዚህ ይቀመጥ። ትከፍታለህ ከሆነ ክፈት፣ ግን በቀስታ። እኔ ቅዳሜ አልመጣም።»

«መቼ ትመጣለህ?»

በመስኮቱ ወደ አጥሩ አየ። ትናንት የቆሙት ሰዎች ዛሬም እዚያ ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ወሬው ደርሷቸዋል፣ አንዳንዶቹ ገና አልሰሙም።

«እነሱ መጥተው ሲጠሩኝ» አለ።

ኢቲዳል ሦስቱን ደብተሮች በብብቷ ይዛ ቀድማው ወጣች፤ እንዲያልፍም በሩን ያዘችለት። አጥሩ ጋ ያሉት ሰዎች መንገድ ለቀቁ። ሁለቱ በመሀላቸው አለፉ። በወፍጮ ቤቱ ውስጥ አሰፋሽ ሞተሩን አጠፋች፤ በረጅሙ ክፍል ውስጥ፣ ሳይጠፉ በቀሩት ሁለት ቴሌቪዥኖች ላይ፣ ወንዞቹ ወደ ሙሉ ስፋታቸው ተመለሱ።